የላፕቶፕ ቻርጀር ተሰክቶበት የሞተ ሃርድ ዲስክ፦ ውስጡ ያለው ይወጣል ወይ?

ባለካሜራው (ደብረ ማርቆስ)፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው፣ ዛሬ ግን ቸግሮኝ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ፎቶና ቪዲዮ ቤት አለችኝ። ሥራዬን ሁሉ የማስቀምጠው 4 ቴራ ሲጌት ኤክስተርናል ላይ ነበር፤ ትልቁ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው፣ የራሱ አዳፕተር ያለው። ቅዳሜ ማታ መብራት ሄደ። ታናሽ ወንድሜ "ሲመጣ እንዳያቃጥል" ብሎ ሁሉንም ነቃቀለው። እስከዚህ ድረስ ጎበዝ ነው። መብራት ሲመለስ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ መልሶ ሰካካ፣ እዚያ ሥር ያለውን የገመድ ጫካ መቼም እኔ ባለቤቱም አልለየውም፣ የላፕቶፑን ቻርጀር ጫፍ ዲስኩ ላይ ሰካው። ልክክ ብሎ ገባ። አንዴ "ጠቅ" አለ። ከዚያ ያቺ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣች። ሮጬ ስደርስ የቻርጀሩ ትንሿ መብራት ጠፍታለች። ከዲስኩ ስነቅለው ተመልሳ በራች፣ ላፕቶፑንም እስካሁን ይሞላል። ቻርጀሩ ላይ የተጻፈው 19 ቮልት ነው፣ የዲስኩ አዳፕተር ላይ ደግሞ 12።

አሁን ዲስኩ ጸጥ ነው። በራሱ አዳፕተር ስሰካው አይዞርም፣ አይሞቅም፣ የአዳፕተሩም መብራት ድርግም ይላል። አንድ ሠሪ ጋ ወሰድኩት፣ "ሞቷል፣ እርሳው" አለኝ። ሌላው "ልክፈተውና ሳህኖቹን ወደ ሌላ ዲስክ ላዛውርልህ" አለ። ካቻቪቴውን ሲያነሳ ፈራሁና ይዤው ወጣሁ።

ውስጡ የጥር ሦስት ሠርግ አለ። ሁለቱን አስረክቤያለሁ። የሦስተኛው ሙሽራ በቀን ሁለቴ ይደውላል፣ እኔም "ኤዲት ላይ ነው" እላለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ግን ከሠርጉ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። ከደብረ ኤልያስ ወዲያ ካለ ገጠር አንድ የቅኔ መምህር ነበሩ፣ የአባቴ የኔታ። ሦስት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ እየሄድኩ ሲቀኙና ሲያስነግሩ ቀርጬያቸዋለሁ። አምና አረፉ። የዘረፉትን ቅኔ ማንም አልጻፈውም። ሌላ ቅጂ የለኝም፤ ስድቡን እኔው ራሴን ሰድቤ ጨርሻለሁና እሱን ዝለሉልኝ።

ተስፋ አለው? ወይስ ቁርጤን ልወቅ?

የቡሬ ልጅ፦

አይዞህ ጃል፣ ቀላል ነው። የተቃጠለው ከሥር ያለው አረንጓዴው ቦርድ ነው እንጂ ዲስኩ አይደለም። አንድ ዓይነት ሞዴል ያገለገለ ዲስክ ግዛ፣ ቦርዱን ፈትተህ ገልብጠህ እሰር፣ አለቀ። እኔ በ2001 የ80 ጊጋ ዲስኬን እንዲሁ አድርጌ እስካሁን ፎቶዎቼ አሉ።

የሞጣው፦

ፍሪዘር ሞክረሃል? በላስቲክ ጠቅልለህ አንድ ሌሊት ታሳድረዋለህ፣ ጠዋት አውጥተህ ቶሎ መገልበጥ ነው። የአጎቴ ልጅ ሠርቶለታል ብሎኛል፣ እኔ ግን አላየሁም።

ካውያ (ባሕር ዳር)፦

ባለካሜራው፣ መጀመሪያ እጅህን ሰብስብ። ማለቴ ከእንግዲህ አንድም ጊዜ እንዳትሰካው። "እስቲ አሁንስ" እየተባለ በተሰካ ቁጥር ነው የዳነው የሚሞተው።

ሁለተኛ፣ ዲስኩን አትክፈተው፣ ማንም አይክፈተው። የሚያነበው ጭንቅላት ከሳህኑ በላይ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ ነው የሚንሳፈፈው። ለሱ የማርቆስ አቧራ ቋጥኝ ነው። ሳህን ማዛወር ልዩ ክፍልና ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል፣ ደግሞም ያንተ ችግር እዚያ አይደለም። ካቻቪቴውን አይተህ መፍራትህ ጠቅሞሃል።

ፍሪዘሩን እርሱት። የተቃጠለ ነገር ብርድ አያድነውም፣ ሲወጣ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፣ ያኔ ሁለት ችግር ይሆናል።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ከጻፍከው ውስጥ ለኔ ትልቁ ነገር የቻርጀሩ መብራት ጠፍቶ ስትነቅለው ተመልሶ መብራቱ ነው። ያ ማለት ቻርጀሩ ሾርት አግኝቶ ራሱን አጠፋ ማለት ነው። ዲስኩ ቦርድ ላይ፣ መብራት በሚገባበት በኩል፣ ሁለት ጥቋቁር ነገሮች አሉ፤ ቲቪኤስ ዳዮድ ይባላሉ። አንዱ 12 ቮልቱን፣ አንዱ 5 ቮልቱን ይጠብቃል። ቮልቴጅ ከልክ ሲያልፍ መንገዱን ወደ ግራውንድ ያዞሩታል፣ ሲበዛባቸው ደግሞ ራሳቸው ሾርት ሆነው ይቀራሉ። እንደ ዘበኛ ናቸው በለው፤ በር ላይ ተጋድሞ ሞቶ ሌባውንም ባለቤቱንም አላሳልፍ ብሏል። ያንተም ዲስክ የማይነሳው በዚህ ሊሆን ይችላል።

እንዲህ አድርግ። ፕላስቲኩን ሳትሰብር ዲስኩን አውጣው። ከዲስኩ ጋር አንዲት ትንሽ የዩኤስቢ ቦርድ ተያይዛ ታገኛለህ፣ እሷን ንቀላትና ወደ ጎን አስቀምጣት። 12 ቮልቱን ወደ 5 የምትቀንሰው እሷ ናት፣ 19 ስለቀመሰች አትመን፣ መልሰህ እንዳትጠቀምባት። ከዚያ ዲስኩን ገልብጠህ በኮከብ ካቻቪቴ ቦርዱን ፍታ፣ ትንንሽ ቡሎኖች ናቸው፣ አይጥፉብህ። ይሄ ዲስኩን መክፈት አይደለም፣ ሳህኖቹ ከብረቱ ሥር ተዘግተው ነው ያሉት። ቴስተርህን የሚጮኸው ላይ አድርግ። ዲስኩ ላይ ያለው መብራት መግቢያ (ሳታ የሚሉት) 15 ጥርስ አለው፤ ከ7 እስከ 9 ያሉት 5 ቮልት፣ ከ13 እስከ 15 ያሉት 12 ቮልት፣ ከ4 እስከ 6 ግራውንድ ናቸው። አንዱን ጫፍ ግራውንድ ላይ፣ ሌላውን 12ቱ ላይ፣ ከዚያ 5ቱ ላይ። ከጮኸ ወይም ዜሮ አካባቢ ካነበበ ሾርቱ እዚያ መስመር ላይ ነው። ውጤቱን ጻፍልኝ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

የቡሬ ልጅ ያለውን ቦርድ መቀየር ግን እንዳለ አትውሰደው። በድሮዎቹ አንዳንዴ ይሠራል። በአሁኖቹ እያንዳንዱ ዲስክ ፋብሪካ ውስጥ ለራሱ ጭንቅላትና ለራሱ ሳህን የተለካ ልኬት አለው፣ ያ ልኬት ቦርዱ ላይ ባለች ስምንት እግር ያላት ትንሽ ሮም ቺፕ ውስጥ ይቀመጣል። የሌላ ዲስክ ቦርድ ብታስር የሌላ ሰው መነጽር እንዳደረግክለት ነው፣ ቀጭ ቀጭ እያለ ይደናበራል። ቦርድ የግድ ከተቀየረ የድሮዋ ሮም ቺፕ ተነቅላ አዲሱ ላይ መበየድ አለባት። ሞዴሉ አንድ መሆኑም አይበቃም፣ ቦርዱ ላይ የታተመው ቁጥር መግጠም አለበት፤ ሲጌት ላይ 100 ብሎ ይጀምራል።

የቡሬ ልጅ፦

እሽ፣ ሮሟን አላውቅም ነበር። የኔው 80 ጊጋ ዕድለኛ ነበር ማለት ነው። ግን ካውያ፣ አንዳንዶቹ ቦርዶች ላይ ያቺ ስምንት እግሯ ቺፕ የለችም፣ እኔ ራሴ ፈልጌ ያጣሁበት ጊዜ አለ።

ካውያ፦

ልክ ነህ። ያኔ ልኬቱ ትልቁ ቺፕ ውስጥ ነው ያለው፣ ያ ደግሞ በመበየጃ ካውያ የሚሠራ ሥራ አይደለም። እንደዚያ ከሆነ አዲስ አበባ መረጃ ማውጣት ብቻ ሥራዬ ብሎ የያዘ ሰው ጋ መላክ ነው። የኔ ምክር፣ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ብቻ ለሠፈር ሠሪ አትስጥ። ላልተነካካ ዲስክ መቼም ተስፋ አለ፣ ሦስት ሰው የነካካው ሲመጣ ነው እኛም የምናዝነው።

ባለካሜራው፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ዛሬ ያደረግኩትን ልንገራችሁ።

ቴስተር የለኝም። ገበያው አጠገብ የሬዲዮ ጠጋኝ የሆኑ ሽማግሌ አሉ፣ የአባቴ ሬዲዮ ሲበላሽ ከልጅነቴ የማውቃቸው። ጋሼ እንዲህ ሆነብኝ ብዬ የካውያን ጽሑፍ ከስልኬ አነበብኩላቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ አውጥተው ቦርዱን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉትና "ይችን ነው የሚለው" ብለው በወረንጦ ጫፍ ነኩልኝ። እውነትም መግቢያው አጠገብ ሁለት ጥቋቁር ነገር አለ፣ አንዱ ገዘፍ ያለ፣ ራሱ ላይ ነጭ መስመር ያለው። ትልቁ ወገቡ ላይ ፀጉር የመሰለች የስንጥቅ መስመር አለችው። እኔ ብቻዬን ብሆን በጭራሽ አላያትም ነበር።

የቴስተራቸው ገመድ በፕላስተር የተጠገነ ነው። 5 ቮልቱ ላይ አልጮኸም። 12ቱ ላይ ሲያደርጉት ጮኸ፣ ዜሮ ነጥብ ምናምን አነበበ። "በል አንተ ልጅ፣ ቀጥሎ ምን ይላል ሰውየው?" አሉኝ። ቀጥሎ ምን ይላል ሰውየው?

ስምንት እግር ያላት ቺፕም አለች፣ አየናት።

ካውያ፦

ሰውየው ደስ ብሎታል። ሽማግሌው ዋጋቸውን ያውቃሉ፣ ባሕር ዳር ቢመጡ ቡና እጋብዛቸዋለሁ።

5ቱ ነፃ መሆኑ ጥሩ ነው። አሁን ያን የተሰነጠቀውን ብቻ ያንሱት። ሁለቱንም ጎን በስታኞ አሙቀው በወረንጦ ቀስ አድርገው ማንሳት ነው፣ በጉልበት ከተጎተተ ከሥሩ ያለውን መዳብ ይዞ ይወጣል። አጠገቡ "0" የተጻፈባት ትንሽ ሬዚስተር ካለች እሷም ተቆርጣ እንደሁ ይለኩ። ዳዮዱ ከተነሳ በኋላ 12ቱ ላይ እንደገና ይለኩ። ካልጮኸ ጥበቃው ነው የሞተው፣ የተቀረው ተርፎ ሊሆን ይችላል። አሁንም ከጮኸ ሞተሩን የሚነዳው ቺፕ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፣ ያኔ ሌላ ቦርድና ሮም ማዛወር ውስጥ እንገባለን።

ቦርዱን ከመመለስህ በፊት ከሥሩ ያሉትን የመገናኛ ነጥቦች እያቸው። ከጠቆሩ በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብለህ ጥረጋቸው፣ ፍርፋሪውን እፍ በለው።

ልብ በል፣ ዳዮዱ የለም ማለት ጠባቂ የለም ማለት ነው። ከእንግዲህ ያ ዲስክ ለሥራ አይሆንም። አንዴ ይነሳል፣ ውስጡ ያለው ይገለበጣል፣ ይቀመጣል። መብራቱንም ከጥሩ ዴስክቶፕ ፓወር ሰፕላይ ስጠው። ተነስቶ "ቀጭ ቀጭ" ካለ በሁለት ሰከንድ ውስጥ አጥፋው፣ ከዚያ ወዲያ የኛ ሥራ አይደለም።

ዳንግላዊት፦

ከመገልበጡ በፊት እኔ ልግባ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ስለሆነ። እኔ ሶፍትዌሩ በኩል ነኝ፣ ካውያ የያዘውን አልነካም።

ወንድሜ፣ ዲስኩን በቀጥታ ኮምፒውተር ላይ ስትሰካው ዊንዶውስ "ዲስኩን ፎርማት ላድርገው?" ሊልህ ይችላል። ደንግጠህ "እሺ" እንዳትል። አንዳንድ ትልልቅ ኤክስተርናል ላይ ያቺ የነቀልካት የዩኤስቢ ቦርድ ሴክተሩን (ዲስኩ ዳታ የሚያስቀምጥበትን ትንሿን ክፍል) በ4096 ባይት አድርጋ ነው የምታሳየው፣ ዲስኩ ብቻውን ሲሆን ደግሞ በ512 ይታያል፤ ስለዚህ ክፍፍሉ (ፓርቲሽኑ) ባዶ ይመስላል እንጂ አልጠፋም። ሌሎች ሞዴሎች ላይ ደግሞ ያቺ ቦርድ ዳታውን ራሷ ትቆልፋለች፣ ዌስተርን ዲጂታል ማይ ቡክ ላይ ይሄ የታወቀ ነው። ስለዚህ ቦርዷን እንዳትጥላት፣ ብትቃጠልም አስቀምጣት።

ሁለተኛ፣ ከዲስኩ ላይ ፋይል እየከፈትክ እየመረጥክ አትገልብጥ። ሠርጉን ልየው፣ የኔታን ልስማ ማለት ይመጣብሃል፣ አውቃለሁ። መጀመሪያ ሙሉውን ከሴክተር አንድ እስከ መጨረሻው ወደ ሌላ ዲስክ ቅዳው። ከዚያ የፈለግከውን ከቅጂው ላይ ፈልግ። ለዚህ ሊኑክስ ላይ ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነስተህ ትጠቀማለህ። መጀመሪያ የሚያስቸግረውን እየዘለለ ጤነኛውን ይሰበስባል፣ ከዚያ ወደ ዘለለው ይመለሳል። ማፕ ፋይል የሚሉትን እንዳትረሳ፣ የት እንደደረሰ የሚመዘግበው እሱ ነው። ምንጩንና መድረሻውንም ሦስት ጊዜ አረጋግጥ፤ ከተገለባበጡ ባዶውን ዲስክ በየኔታ ላይ ትገለብጣለህ።

ጊዜውን ልንገርህ፣ 4 ቴራ በሰከንድ 100 ሜጋ ቢሄድ 11 ሰዓት ገደማ ነው። በድሮው ዩኤስቢ 2 ከሆነ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል።

የሞጣው፦

11 ሰዓት ሳይቋረጥ? ማርቆስ? ሃሃ። ሶላር ባትሪ አያይዝበት፣ ባትሪውም 12 ዲስኩም 12።

ካውያ፦

እንዳታደርገው! "12 ቮልት" የተባለ ባትሪ ሲሞላ ከ14 በላይ ይሄዳል። ጠባቂ ለሌለው ዲስክ ያ ራሱ ሁለተኛው ቻርጀር ነው። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ይዋስ።

ዳንግላዊት፦

ዩፒኤስ ባይኖርም መብራት ሲሄድ ፋይሉ አይጠፋም፣ ማፕ ፋይሉ ካለ ከቆመበት ይቀጥላል። የሚያሳስበው ዲስኩ ነው። መብራት እየሄደ እየመጣ እንዳይነሳና እንዳይወድቅ፣ ሲሄድ ነቅለህ ተቀመጥ፣ መጥቶ ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ አትስካው።

ባለካሜራው፦

ልንገራችሁ። ረቡዕ ጠዋት ጋሼ ዳዮዷን አነሷት። እጃቸው ይንቀጠቀጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ካውያው ቦርዱን ሲነካ ግን ቀጥ አለ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ። የወጣችውን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ፣ ከምስር አትበልጥም። ደግመው ለኩ፣ አልጮኸም። ሒሳብ ስጠይቃቸው "መጀመሪያ ይዙርልህ" አሉኝ።

ከጓደኛዬ ዴስክቶፕና ከአንድ መሥሪያ ቤት ዩፒኤስ ተዋስኩ። 6 ቴራ አዲስ ዲስክ ደግሞ በብድር ገዛሁ። ማብሪያውን ልጫን ስል ወንድሜ ክፍሉን ለቆ ወጣ፣ በረንዳ ላይ ቆሞ ነበር። ተጫንኩት። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ያቺ ቀስ እያለች የምትነሳ "ዚዚዚ" ድምፅ፣ ከዚያ ሁለት ለስላሳ ጠቅታ፣ ከዚያ እኩል የሆነ መዞር። ቀጭ ቀጭ የለም። 4 ቴራ ብሎ አነበበው። ወንድሜን ስጠራው ድምፄ አልወጣም።

ዳንግላዊት እንዳለችው ክፍፍሉ ባዶ ነበር የታየው። ሳታስጠነቅቂኝ ቢሆን ኖሮ "እሺ" እል ነበር፣ እውነቴን ነው። ምንም ሳልነካ መቅዳት ጀመርኩ። እስከ 40 ፐርሰንት ምንም ስህተት የለም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ ዩፒኤሱም ሩብ ሰዓት ብቻ ነው የቆየው፣ በሥርዓት አጥፍቼ ነቀልኩት።

ካውያ፦

ስህተት ከሌለ ጭንቅላቱም ቅድመ ማጉያውም (ጭንቅላቱ ያነበበውን ደካማ ምልክት የሚያጎላው ቺፕ) ደህና ናቸው ማለት ነው። ዩኤስቢ ቦርዷ 19ኙን እየቀነሰች 5ቱን አድናለታለች። ክፍፍሉን ስለማንበብ አትጨነቅ፣ መቅዳቱ ሲያልቅ ቅጂው ላይ በ4096 ልክ ማስነበብ ይቻላል፣ ዳንግላዊት ታሳይሃለች።

ዳንግላዊት፦

አሳየዋለሁ። ሙሽራውንስ ምን አልከው?

ባለካሜራው፦

እውነቱን ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና "የእናቴ ምርቃት አለበት?" ብሎ ጠየቀኝ። አለበት አልኩት። ከዚያ ወዲህ አልደወለም፣ እንደውም ትናንት "መብራት አላችሁ?" ብሎ መልእክት ላከልኝ።

ወንድሜ የቻርጀሮቹን ጫፍ በሙሉ ቀለም በቀለም በፕላስተር ጠቅልሏል። የዲስኩን ቀይ አድርጎታል፣ የላፕቶፑን ሰማያዊ። የቡና ማሽኑንም ሳይቀር ጠቅልሎታል፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እንደገና አስጀመርኩት፣ ከቆመበት ቀጠለ። የኔታ ያሉበት ፎልደር የት ላይ እንዳለ አላውቅም፣ ምናልባት አልፎታል፣ ምናልባት ገና ነው። አሁን 83 ፐርሰንት ላይ ነው። መብራት አለ።